እንግዳ ጓዳ አይገባም፦ በሰሜን ባሕር በጠላቂዎች መርከብ ላይ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የሥራ ባልደረቦቼ በክሬም የተሠራች ጀልባ ያለችበት ኬክ አመጡልኝ። ሥራዬን የጨረስኩት ሮተርዳም ውስጥ በማስ ወንዝ ላይ ሰው የምታሻግር ጀልባ እየነዳሁ ነው። ኬኩ ሲቆረስ አንዷ፣ «ለምለም፣ ጀልባን እንደዚህ ቀስ አድርገሽ ማስጠጋት የት ተማርሽ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ሻርክ እንዳይደነግጥብኝ ስል» አልኳት።

ሁሉም ሳቁ። ቀልድ መሰላቸው። ቤተ ክርስቲያን የማገኛቸው ሴቶችም ቢሆኑ «ድሮ መርከብ ላይ ወጥ ቤት ነበረች» ብለው ነው የሚያልፉኝ። ውሸት አይደለም። ግን ከድስቱ በኋላ ብዙ ነገር መጥቷል፤ አሁን ሮተርዳም አጠገብ፣ ካፔለ በሚባለው ከተማ ቤቴ ቁጭ ብዬ ጊዜው ስለተረፈኝ እሱን ልጻፈው።

ተወልጄ ያደግሁት ምጽዋ ነው። አባቴ የወሎ ሰው ነበሩ፤ የባሕር ኃይሉን ልብስ ይሰፉ ነበር። እኛ ልጆቻቸው ከመራመድ እኩል ዋና ተማርን። ሻርክ ለእኛ ብርቅ አልነበረም። አጥማጆቹ በዓረብኛ ቀርሽ ይሉታል፤ ደርቆ ገመድ ላይ ተሰጥቶ እናየዋለን፣ አንዳንዴም ጀልባ ሥር ሲያልፍ። ማንም አይጮህም ነበር። በሰባዎቹ መጨረሻ ከእህቴ ከሮማን ጋር ተሰድደን ሆላንድ ገባን። የመንገዱን ነገር እዚህ አላነሳውም፤ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ሮማን አምስተርዳም፣ ስሎተርቫርት ቤት ደርሷት አረጋውያን መንከባከቢያ ገባች። እኔ ዴን ሃግ፣ ስኬቨኒንገን የሚባለው የባሕር ዳር ሰፈር፣ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ቀያሪ ሆንኩ።

የጠዋቱ ሥራ ሲያልቅ ወርጄ እዋኝ ነበር። ሰሜን ባሕር እንደ ቀይ ባሕር አይደለም፤ መልኩ ሻይ በወተት ነው፣ ቅዝቃዜው ጥርስ ያንቀጫቅጫል። አንድ ቀን፣ በጋው አልፎ የባሕሩ ዳር ጭር ሲል፣ ከውሃ ስወጣ ሰማያዊ ሹራብ የለበሱ ጢማቸው የነጣ ሰው ፎጣዬ አጠገብ ቆመዋል።

«በዚህ ወቅት እንደዚህ ረጅም ጊዜ ውሃ ውስጥ የሚቆይ ሰው አይቼ አላውቅም» አሉኝ።

«ከሆቴሉ አንሶላ ይሻለኛል» አልኳቸው።

ሳቁ። «ምግብ ታበስያለሽ?»

«የበላ ሰው እስካሁን አልሞተም።»

«መርከብ ሲወዛወዝስ ያስታውክሻል?»

«እንጃ። ወስደው ይዩኝ።»

ኮር ይባላሉ። ዜሜው የምትባል መርከብ ነበረቻቸው። ቀድሞ ሄሪንግ ዓሣ የሚጠመድባት ነበረች፤ እሳቸው ዓሣ ይከመርበት የነበረውን ሆዷን አልጋ በአልጋ አድርገው የጠላቂዎች መርከብ አደረጓት። በበጋ ከስኬቨኒንገን ወደብ ትወጣለች። እንግዶቹ ሳምንቱን ሙሉ ባሕር ላይ ይበሉባታል፣ ይተኙባታል፣ ቀን ቀን ወደ ሰመጡ መርከቦች ይጠልቁባታል። ክረምቱን ሮተርዳም ቆማ ትጠገናለች። ወጥ ቤታቸው ባሕሩ አልስማማ ብሎት ጥሏቸው ስለሄደ እኔን ቀጠሩኝ። ደሞዙ ከሆቴሉ ብዙም አይበልጥም ነበር፤ የሥራ ፈቃዱን ጣጣ ግን ራሳቸው ጨረሱልኝ።

በመጀመሪያው ቀን፣ «አንተ በይኝ፤ እዚህ መርከብ ላይ ሁሉም ሰው አንተ ነው» አሉኝ። እሺ ብዬ ሞከርኩ፣ ምላሴ እምቢ አለኝ። አብረን እስከሠራንበት መጨረሻ በሆላንድኛም በልቤም አንቱ እንዳልኳቸው ቀረሁ።

ሮማን ስትሰማ አበደች። «ሻርክ ያለበት ባሕር ላይ? እግዚአብሔር ከዚያ ሁሉ ሞት ያወጣሽ ለዚህ ነው? ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል አልሰማሽም?»

«ዘንዶ የለም፤ የኔ ሥራ ደግሞ ድንች መላጥ ነው።»

«ድንች ስሎተርቫርትም ይላጣል!» አለችኝ። እየተቆጣች በርበሬ ቋጥራ አስያዘችኝ።

ያ በርበሬ ስሜን አስጠራው። ጠላቂዎቹ ከውሃ ሲወጡ ከንፈራቸው ሰማያዊ ነው፤ ጣታቸው ማንኪያ አይጨብጥም። የሆላንዶችን ወፍራም የአተር ሾርባ በርበሬ ነስንሼበት ሳቀርብላቸው መጀመሪያ ያስላቸዋል፣ ቀጥሎ ፊታቸው ይቀላል፣ ከዚያ ሰሃናቸውን መልሰው ይዘረጋሉ። የመርከብ ወጥ ቤት የራሱ ጥበብ አለው። ድስት ከግማሹ በላይ አይሞላም። ሰሃን እንዳይሸሽ እርጥብ ጨርቅ ላይ ይቀመጣል። ሽንኩርት የሚከተፈው እግር አንፈራጥጦ፣ ዳሌን ከመደርደሪያው ጋር አጣብቆ ነው፤ ማዕበሉ ሲመጣ ቢላዋውን ከፍ አድርጎ ማለፉን መጠበቅ ነው። ባሕሩ እኔን አላሳመመኝም። ኮር ይህን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አውልቀው በኩሽናው በር ብቅ አሉና፣ «ተቀጥረሻል» አሉኝ። እኔ ቀድሞውኑ የተቀጠርኩ መስሎኝ ነበር።

ኮር ብዙ ማውራት አይወዱም። ሥራቸውን የተማርኩት ዓይኔን ጥዬ ነው። ሰሜን ባሕር ላይ ትልቁ አደጋ ሻርክ አይደለም፣ የውሃው ፍሰት ነው። ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል እንደ ወንዝ ይሮጣል፤ በሙላትና በጉድለት መካከል ግን ጥቂት ጊዜ ቆም ይላል። ጠላቂ የሚወርደው ያኔ ብቻ ነው። ሌሎች ሰዎች ሰዓት ያያሉ። ኮር ግን ወደ እኔ መጥተው ከድንች ልጣጬ አንድ እፍኝ ያነሱና በመርከቧ ጎን ይጥሉታል። ልጣጩ ወደ ኋላ ከሮጠ ማንም አይወርድም። ባለበት ከተሽከረከረ፣ «እናንተ ልጆች፣ ውሃው ትንፋሹን ይዟል» ይላሉ።

ሌላው ልማዳቸው፣ ከውሃ የወጣውን ሰው በቁጥር አይቀበሉም ነበር። መሰላሉ ጫፍ ላይ ይቆማሉ፣ የወጣውን ሰው ትከሻ ይይዛሉ፣ ስሙን ራሱ እንዲነግራቸው ይጠብቃሉ። በደንብ የሚያውቁትንም እንኳ ስምህ ማነው ይሉታል። ስሙን ሲናገር ምላሱ የተሳሰረ ሰው ካለ ቅዝቃዜው ወይም ሌላ ነገር እንደጎዳው ያውቃሉ። እኔ ደግሞ ዕቃቸውን በጥድፊያ የሚታጠቁትን አይቼ አንድ ቀን የአባቴን ተረት ተረጎምኩላቸው፦ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ኮር በጣም ደስ አላቸው። በሆላንድኛ እየደጋገሙ የራሳቸው አባባል አደረጉት፤ ለእንግዶች ሲናገሩም «የወሎ ካፒቴኖች እንደሚሉት» ይሉ ነበር። ወሎ ባሕር እንደሌለው አልነገርኳቸውም።

በሁለተኛው ክረምት ዴን ሃግ መዋኛ ገንዳ ውስጥ መጥለቅ አስተማሩኝ። በበጋው ይዘውኝ ወረዱ። መጥለቂያው የጭነት መርከብ ስብርባሪ ነበር፤ በየበጋው ሻርኮች ይመጡበታል። ሆላንዶች ሩወ ሃይ ይሏቸዋል፣ ሸካራው ሻርክ ማለት ነው። ግራጫ ናቸው፣ አፍንጫቸው ሾል ያለ፣ ትልልቆቹ ከእኔ ቁመት አያንሱም። አብዛኞቹ እርጉዝ ሴቶች ናቸው ይሉ ነበር ኮር።

ከመውረዳችን በፊት ለሁሉም የሚናገሩትን ለእኔም ነገሩኝ። «አታሳድጅ። አትንኪ። የምትመጣበትን መንገድ አትዝጊ። እጅሽን ደረትሽ ላይ አጣምሪ፣ መብራትሽን ወደ አሸዋው አዙሪ፣ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ። መምጣት የሷ ፈንታ ነው።»

«እኛም አገር እንግዳ ጓዳ አይገባም» አልኳቸው።

«እሱን ለእንግዶቹ አንቺ ንገሪልኝ። እኔ ስናገር ፖሊስ እመስላለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማብራሪያው የእኔ ሥራ ሆነ።

ታች ደርሰን ከስብርባሪው ጥግ ተኛን። ውሃው አረንጓዴ ነበር፣ ከጥቂት ሜትር በላይ አያሳይም። መጀመሪያ የመጣው ጥላ ነው፤ ጥላው አፍንጫ አወጣ፣ ቀጥሎ እንደ ድመት ዓይን ረዘም ያለ ዓይን። ስትዋኝ አይደለም፣ ስትፈስ ነው የምትመስለው። ፊቴ ላይ አንድ ጊዜ አየችኝና የማልረባ ነገር ሆኜባት አለፈች። ወደ ላይ ስወጣ ኮር ቀድመውኝ መሰላሉ ላይ ቆመዋል።

«ስምሽ ማነው?»

መናገር አቃተኝ። ቅዝቃዜ አልነበረም፤ እያለቀስኩ እየሳቅኩ ነበር። እስክረጋ ድረስ ትከሻዬን አልለቀቁኝም።

በእነዚያ ዓመታት እንግዶቻችን ሁለት ዓይነት ነበሩ፤ በሲኒማ ያዩትን ሰው በላ ፈርተው የሚመጡና ያንኑ ፈልገው የሚመጡ። ሩድ የሚባል የአምስተርዳም ፎቶ አንሺ ከሁለተኞቹ ነበር። ሲሳፈር ክዳኑ የታሰረ ትልቅ ባልዲ ይዟል። ባሕር መሀል ስንደርስ ከፈተው፤ ሄሪንግ ሞልቶበታል።

«ሻርኮቹ በደንብ እንዲጠጉልኝ ነው» አለ። «ጥቂት ደም ውሃው ውስጥ፣ ከዚያ ፎቶዬን አነሳለሁ።»

ኮር ባልዲውን አሸተቱ። «ትኩስ ነው?»

«የዛሬ ጠዋት ነው!»

ባልዲውን ከእጁ ተቀብለው ለእኔ ሰጡኝ። «ለምለም፣ ለእራት ጥበሺልን።»

ሩድ ጮኸ፣ የከፈልኩት ለዚህ አይደለም አለ። ኮር ረጋ ብለው ወንበር ሳቡለት። «አየህ፣ ዛሬ ብታበላት ነገ ጠላቂ ስታይ ምግብ ይመስላታል። በሚቀጥለው ሳምንት የሚወርደው ሰው ባዶ እጁን ነው። እሷም ትጎዳለች፣ እሱም ይጎዳል።» እኔ ዓሣውን ዱቄትና በርበሬ ለውሼ ጠበስኩት፣ ሎሚ ጨመቅሁበት። ሩድ አኩርፎ ጥግ ተቀመጠ። ሽታው ደጋግሞ ሲመታው ግን ቀስ ብሎ መጣ፤ ከሁሉም አብልጦ የበላው እሱ ነበር።

በማግስቱ ካሜራውን ደረቱ ላይ አቅፎ እንደ ድንጋይ ተኛ። አንዲት ትልቅ ሻርክ እስትንፋሱ እስኪነካት ተጠግታ አለፈች። ሲወጣ ኮር ስሙን ሲጠይቁት፣ «ሩድ ነኝ፣ ዓሣዬን የበላችሁብኝ!» ብሎ መለሰ። ከዚያ በኋላ በየበጋው ይመጣ ነበር፣ ያለ ባልዲ።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። አንድ ሐምሌ ላይ እዚያው ስብርባሪ ስንወርድ የማናውቀው መርከብ የጣለው ትልቅ መረብ ተጠምጥሞበት አገኘን። አንዲት ሻርክ ተይዛበታለች። ሆዷ የከበደ ነበር። መረቡ በመተንፈሻ ስንጥቆቿና በክንፏ ሥር ገብቶ ቆዳዋን ቆርጦታል፤ ጅራቷ ግን አሁንም ይንቀሳቀሳል። እኔና ኮር ቢላዋችንን አውጥተን መቁረጥ ጀመርን። ያ መረብ ክሩ ናይሎን ነው፤ አንዱን ሲቆርጡት ሌላው ይጠብቃል። አፏ አጠገብ ስሠራ አልነከሰችኝም። ዓይኗ እጄን ይከተል ነበር።

ክንፏን አስለቀቅን። መተንፈሻዋ ጋ ስንደርስ አሸዋው መሮጥ ጀመረ፤ ውሃው ተነስቷል። ኮር ትከሻዬን መቱኝ፣ አውራ ጣታቸውን ወደ ላይ አሳዩኝ። እንውጣ ማለት ነው። እምቢ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ጥቂት ክር ነበር የቀረን። እሳቸው ደግመው አልጠየቁኝም፤ በትከሻ ማሰሪያዬ ይዘው ከመረቡ አላቀቁኝና የመልሕቁን ገመድ አስጨበጡኝ። ገመዱ እንደ ክራር ጅማት ይንቀጠቀጥ ነበር። ስንወጣ እጃችን ሊገነጠል ደረሰ። አንድ ደቂቃ ብንቆይ ኖሮ ገመዱን አናገኘውም ነበር፤ ይህን ያኔም አውቀው ነበር፣ ግን ተቆጥቻቸው ነበር።

ደረጃው ላይ ስሜን ሲጠይቁኝ፣ «ትታ የመጣች!» አልኳቸው።

«አይደለም» አሉኝ። «ስምሽን።»

«ለምለም።»

«ለምለም ወጥታለች። እኔም ወጥቻለሁ።» ከዚያ ልብሳቸውን ሳያወልቁ እዚያው ተቀመጡ።

ውሃው እንደገና እስኪቆም ጠብቀን ወረድን። ሞታ ነበር። ሆዷን ነካሁት፤ አትንኪ የሚለውን ደንብ የጣስኩት ያኔ ብቻ ነው።

ወደብ ስንመለስ ሌላ ነገር ጠበቀን። አሪ የሚባል ካፒቴን በመንጠቆ የሚያጠምዱ ሰዎችን በራሱ መርከብ ያወጣ ነበር። የኛ መርከብ መልሕቅ የምትጥልበትን ከሩቅ አይቶ ቦታውን አውቆታል። ደንበኞቹ ሁለት ሻርክ ሰቅለው ፎቶ ይነሳሉ። አንዷ ሆዷ ተቀድዶ ትንንሽ ልጆቿ የወደቡ ድንጋይ ላይ ወድቀዋል፤ እንደ እናታቸው ሹል አፍንጫ ያላቸው፣ ከክንዴ ያጠሩ። አሪ ዕድሜው ለአንቱታ የሚበቃ ነበር፤ ልቤ ግን እሺ አላለኝም። ሄጄ ልሰድበው ስል ኮር ቀደሙኝ።

«አሪ፣ ነገ እኛ ጋ እራት ና» አሉት።

አሪ እጁን አጣመረ። «የጣስኩት ሕግ የለም።»

«የለም። እራት ነው ያልኩህ።»

በንዴት ነው ያበሰልኩት፤ በርበሬውም ከልክ አለፈ። አሪ መጣ፣ በላ፣ አላበው፣ ጨምሪልኝ አለ። እሱ እየበላ ሳለ ኮር ስለ ሻርኮቹ አንድም ነገር አላነሱበትም። ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረው፣ «መረቡ ውስጥ ያየሽውን ንገሪው» አሉኝ። ነገርኩት። ስለ ዓይኗ ነገርኩት፣ ውሃው እንደተነሳ፣ ትተናት እንደወጣን። ስድብ አዘጋጅቼ ነበር፤ ታሪኩ መሀል ላይ ሲደርስ ስድቡ ጠፋኝ።

አሪ ባዶ ሰሃኑን ወደ ጎን ገፋ አደረገ። «መረቡ አሁንም እዚያ ነው?»

«እዚያው ነው። ለእኛ በጣም ይከብዳል።»

«እኔ መጎተቻ ዊንች አለኝ» አለ። «ሦስት ቶን ይጎትታል።» ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ወንድሜን የቀበረው እንደዚያ ያለ መረብ ነው፤ እግሩን ይዞ ከመርከብ አወረደው» አለ።

ከዚያ ምሽት በኋላ አሪንም አንቱ አልኳቸው።

በሳምንቱ ሁለቱ መርከቦች አብረው ወጡ። እኛ እየወረድን መረቡን ከብረቱ እያላቀቅን በገመድ እናስራለን፣ አሪ በዊንቻቸው ይስባሉ። ውሃው በቆመ ቁጥር ጥቂት ጥቂት እየሠራን ቀኑን ሙሉ ፈጀን። የአሪ ደንበኞች እጅጌያቸውን ሰብስበው መረቡ ውስጥ ያለውን ሸርጣን አንድ በአንድ እያላቀቁ ወደ ባሕር ይመልሳሉ፤ አንዱን ደንበኛ ትልቅ ሸርጣን አውራ ጣቱን ይዞት ጩኸቱ መርከቡን ሞላው። የመጨረሻው ጥቅል ሲወጣ ሁለቱም መርከቦች ጥሩምባ ነፉ። ሾርባ አልበቃኝም፤ ውሃ እየጨመርኩ አቀጠንኩት፣ ማንም አላማረረም። ከዚያ ወዲህ አሪ ሻርክ መንጠቆ ላይ ከተያዘች መርከቡ ላይ ሳያወጡ በጎን መንጠቆውን ቆርጠው መልቀቅ ጀመሩ። ደንበኛ ቀረባቸው። ሌላ ደንበኛ አገኙ።

ኮር ጉልበታቸው ሲደክም ሮተርዳም ሄጄ የመርከብ መሪነት ፈተና ተፈትኜ መሪውን እኔ ያዝኩ። እሳቸው በሞተር ክፍሉ ቆዩልኝ። በዚያ ክረምት አሪ ወደ መርከቧ መጥተው ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ ቆሙ።

«ለምለም፣ ለማንም አትንገሪ። ዋና አልችልም።»

ዕድሜያቸውን ባሕር ላይ የኖሩ ሰው! ግን የድሮ የስኬቨኒንገን ዓሣ አጥማጅ አብዛኛው እንደዚያው ነበር፤ ከወደቅህ ዋና ስቃይ ያረዝማል ይሉ ነበር። ዴን ሃግ ገንዳ ወስጃቸው ሕፃናት የሚማሩበት ጥልቀት ውስጥ ጀመርን። ሆዳቸውን ከሥር ደግፌ ስይዛቸው አጠገባችን ያሉ ልጆች ይስቃሉ፤ እሳቸው ውሃ እየተፉ ልጆቹን ይራገማሉ። ፀደይ ሲመጣ ገንዳውን ተሻገሩ።

በነሐሴ አንድ ቀን ባሕሩ እንደ መስታወት ረጋ። ስብርባሪው ላይ መልሕቅ ጥለን ውሃው ሊቆም ሲል ጥቁር የሻርክ ክንፍ ላዩ ላይ ታየ፤ አንዳንዴ እንደዚያ ባለ ቀን ወደ ላይ ይወጣሉ። አብረውን የወጡት አሪ የጎማውን ልብስ መልበስ ጀመሩ። ኮር ከሞተር ክፍል ወጥተው ገመድ ያለው መንሳፈፊያ ቀበቶ አሰሩላቸው፣ የገመዱን ጫፍ ያዙ። አሪ መነጽራቸውን አድርገው በመሰላሉ ወረዱ፣ አንድ እጃቸው ደረጃውን አንቆ ይዞ ፊታቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩ።

ሁለት ነበሩ። አንዷ ራቅ ብላ ዞረች። ሌላዋ በቀጥታ ከሥራቸው አለፈች፤ ከላይ ሆኜ ሙሉ ጀርባዋን አየሁት። አሪ አልተንቀሳቀሱም። ገመዱን የያዙት ኮር፣ «ተንፍስ፣ ተንፍስ» ይላሉ፣ እንደሚሰማቸው ሁሉ።

ቀና ሲሉ ጨው ያለበት ውሃ ከጢማቸው ይወርዳል። ስማቸውን ማንም አልጠየቃቸውም፤ ቀድመው ተናገሩ።

«ከልጅነቴ ጀምሮ ስይዛቸው ኖሬ» አሉ፣ «አንድም ቀን ስትዋኝ አይቻት አላውቅም ነበር።»

«ይውጡ አሪ፣ ውሃው ሊነሳ ነው» አልኳቸው።

«መጣሁ» አሉኝና ፊታቸውን መልሰው ነከሩ።